የምርምር ሆስፒታል እንዴት ይቆማል? ህንጻው ቶሎ፣ ባለሙያው ዘግይቶ የሚደርሰው ለምንድን ነው?

«የሕክምና ዘርፉን በስትራቴጂ ማሳደግ»፣ «የምርምር ሆስፒታል መገንባት»፣ «የጤና ባለሙያዎችን አቅም ማጎልበት»። እንዲህ ያሉ ሐረጎች በዜና እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ሰምተን እናልፋቸዋለን። ትልቅ ህንጻ፣ አዲስ ማሽን፣ ነጭ ጋወን የለበሱ ሰዎች ዓይናችን ላይ ይመጣሉ፤ ከዚያ ነገሩ ይረሳል።

ጉዳዩ ግን የሁላችንም ነው። ሌሊት ታማሚ ይዘን ሆስፒታል ስንደርስ የሚቀበለን ባለሙያ መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው ያን ሌሊት አይደለም። ከ10 እና ከ15 ዓመት በፊት ተወስኗል። የሚታዘዝልን መድኃኒት ያድን እንደሆነም ያወቅነው ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ አንድ ሰው በጥንቃቄ ስለመረመረው ነው። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። (የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«በስትራቴጂ ማሳደግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባጭሩ ቅደም ተከተል ማለት ነው። ገንዘቡም ሰዉም ውስን ነው፤ ሁሉን ባንዴ መሥራት አይቻልም። ምን ይቅደም? ምን ይከተል? የትኛው ያለ የትኛው አይሠራም? ይህ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ለሕክምና የሚያስፈልጉት ነገሮች እኩል ጊዜ አለመውሰዳቸው ነው። ማሽን ገንዘብ ካለ በወራት ውስጥ ተገዝቶ ይገባል። ህንጻ በጥቂት ዓመታት ይቆማል። ማሽኑን የሚያሠራውና በህንጻው ውስጥ የሚያክመው ሰው ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሦስቱ እኩል ከተጀመሩ ህንጻው አልቆ፣ ማሽኑም ገብቶ ባለሙያው ገና ተማሪ ነው። ማሽኑ ሳይከፈት የዋስትና ጊዜው ያልቃል።

ጥሩ ዕቅድ ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ይቆጥራል። «የልብ ሕክምና ክፍሉ በዚህ ዓመት ይከፈታል» ካለ፣ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች መቼ ሥልጠና መግባት እንዳለባቸው ያሰላል። ብዙ ጊዜ መልሱ «ትናንት» የሚል ይሆናል።

አንድ ስፔሻሊስት ለማፍራት ስንት ዓመት ይፈጃል?

እንደየሀገሩ ይለያያል፤ መንገዱ ግን ብዙም አይራራቅም። በመጀመሪያ የሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ በአብዛኞቹ ሀገሮች ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። ከዚያ ኢንተርንሺፕ ይመጣል፤ ወጣቱ ሐኪም በሌሎች ቁጥጥር ሥር ሆኖ በየክፍሉ እየዞረ ይሠራል። ይህን የጨረሰ ጠቅላላ ሐኪም ነው።

ስፔሻሊስት መሆን የሚፈልግ ሬዚደንት፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚሠለጥን ሐኪም፣ ሆኖ እንደገና ይገባል። ለሕፃናት ወይም ለውስጥ ደዌ ሕክምና 3 ዓመት ገደማ፣ ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና 4 ወይም 5፣ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና 6 ወይም 7 ዓመት ይፈጃል። ከዚያም ጠበብ አድርጎ የሕፃናት ልብ ብቻ፣ ወይም የደም ካንሰር ብቻ ላክም የሚል ሰው ፌሎሺፕ የሚባለውን ከ1 እስከ 3 ዓመት ይጨምራል። ሲደመር ከ10 ዓመት ገደማ ይጀምርና ከ16 ሊበልጥ ይችላል።

ይህን ጊዜ በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም። ለምን ካላችሁ አንድ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት እንዴት እንደሚማር ተመልከቱ። መጀመሪያ የቁስሉን አፍ በመሣሪያ ከፍቶ ይይዛል፤ ያያል። ቀጥሎ ቆዳ መስፋት ይፈቀድለታል። ከዚያ የኦፕራሲዮኑን አንድ ክፍል ይሠራል፣ አለቃው ፊት ለፊቱ ቆሞ። ከዚያ ሙሉውን፣ አለቃው አሁንም እዚያው ቆሞ። በመጨረሻ ብቻውን ይሠራል፤ አለቃው ሲጠራ ይመጣል። እጅ የሚፈታው በቁጥር ነው። ብዙ ታካሚ፣ ብዙ ጊዜ፣ አጠገብ የሚቆም አስተማሪ ያስፈልጋል።

«የሐኪም እጥረት ካለ ተማሪውን በእጥፍ እንጨምር» የሚለው ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። የመማሪያ ክፍል ወንበር መጨመር ይቻላል። አስተማሪ ስፔሻሊስቱና የሚታከመው ሰው ቁጥር ካልጨመረ ግን ለእያንዳንዱ ሬዚደንት የሚደርሰው ኦፕራሲዮን ይቀንሳል። ዲፕሎማው ይሰጠዋል፤ እጁ ግን አልተፈታም። እኔ በበኩሌ በዚህ ዘርፍ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ታካሚ ላይ ነውና።

ጎበዝ ሐኪም ካለ አይበቃም?

አንድ ጎበዝ የልብ ቀዶ ሐኪም ከውጭ ቢመጣ የልብ ሕክምና የተጀመረ ይመስላል። እስቲ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ እንግባ።

ታካሚዋ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። የማደንዘዣ ሐኪሟ አስተኝታታለች፤ የመተንፈሻ ቱቦ አስገብታላታለች፤ የደም ግፊቷን በእጇ የደም ሥር ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ ሳታቋርጥ ትከታተላለች። የልቧ በር ተበላሽቷል። ልብ እየመታ በሩን መቀየር ከባድ ስለሆነ መቆም አለበት። ስለዚህ ደሟ ከሰውነቷ ወጥቶ ወደ አንድ ማሽን ይሄዳል። ማሽኑ የልብንም የሳንባንም ሥራ ይሠራል፤ ደሙን ኦክስጅን አልብሶ ይመልሰዋል። ይህን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ፐርፊውዥኒስት የሚባል ባለሙያ ነው፤ ሐኪም ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ሰው ነው። ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ በቂ መሆኑ በየተወሰነ ደቂቃ ይመረመራል። ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ ወደ ልቧ ሲገባ ልቧ ቀጥ ይላል። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው።

አጠገቡ ያለችው ነርስ መሣሪያ ታቀብላለች፤ መርፌና ደም የሚመጠጥበትን ጨርቅ (ጎዝ) ትቆጥራለች። ደረቱ ከመዘጋቱ በፊት ቁጥሩ መግጠም አለበት። ልቧ እንደገና መምታት ሲጀምር ከማሽኑ ትላቀቃለች፤ የሄፓሪኑን ኃይል የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት ይሰጣታል።

ኦፕራሲዮኑ አለቀ፤ አደጋው ግን አላለፈም። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት፤ አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዋ አትርቅም። በየሰዓቱ ሽንቷን ትለካለች፤ በደረቷ ቱቦ የወጣውን ደም ታነባለች፤ የፖታሲየም መጠኗን ታያለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከቱቦው የሚወጣው ደም ድንገት ቆመ እንበል። ለማያውቅ ሰው ጥሩ ምልክት ነው። የደም ግፊቷ አብሮ እየወረደ ከሆነ ግን ቱቦው ተደፍኖ፣ ደሙ ልቧን ከቦ እያፈነው ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቅ ነርስ ሐኪሙን ወዲያው ትቀሰቅሳለች። የማታውቅ ነርስ «ደሙ ቆሟል» ብላ ትጽፋለች።

ገና ደም ባንኩን፣ ላብራቶሪውን፣ ኦክስጅኑን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄኔሬተር አልጠቀስኩም። አንድ የእግር ኳስ ቡድን ውድ አጥቂ ገዝቶ ኳስ የሚያቀብለው አማካይ ከሌለው አጥቂው ሜዳ ላይ ቆሞ ይውላል። ሕክምናም እንደዚያው የቡድን ሥራ ነው። ስለ ሐኪሞች ብቻ የሚያወራ ዕቅድ፣ ስለ ነርሶች፣ ስለ ማደንዘዣና ላብራቶሪ ባለሙያዎች ካላነሳ ገና ግማሽ መንገድም አልሄደም።

የምርምር ሆስፒታል ከሌላው በምን ይለያል?

ማንኛውም ሆስፒታል ያክማል። የማስተማሪያ ሆስፒታል ያክማል፤ ያስተምራልም። የምርምር ሆስፒታል በዚህ ላይ ሦስተኛ ሥራ ይጨምራል፦ ያልታወቀውን ይጠይቃል፣ መልሱንም በሥርዓት ይፈልጋል።

ሦስቱ በአንድ ጣራ ሥር እንዲሆኑ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ1893 ተከፈቱ። ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር እዚያ ተማሪዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ታካሚው አልጋ ወሰዳቸው። በ1910 ደግሞ የትምህርት ባለሙያው አብርሃም ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ የነበሩ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ዞሮ ሪፖርት አወጣ። ብዙዎቹ ላብራቶሪም ታካሚም አልነበራቸውም። ከሪፖርቱ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የሕክምና ትምህርት ከሆስፒታልና ከምርምር ጋር መያያዙ መደበኛ ሆነ።

ይህ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ጥቁር ሐኪሞችን ያሠለጥኑ ከነበሩ 7 ትምህርት ቤቶች የቀሩት 2 ብቻ ናቸው፤ ሆዋርድና ሜሃሪ። ጥራት ማሳደግ ተገቢ ነበር፤ በሩ ግን በማን ላይ እንደተዘጋ ሳይታሰብ ቀረ፤ ጉዳቱም ለትውልድ ተረፈ። መስፈርት የሚያጠብቅ ዕቅድ ሁሉ ማንን እንደሚያስቀር አብሮ ማየት አለበት።

ምርምር የሀብታም ሀገር ቅንጦት አይደለም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። መድኃኒት በሌለበት ለምርምር ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል? ሌላው ያወቀውን መውሰድ አይቀልም?

መልሱን ከአንድ እውነተኛ ታሪክ እንስማ። በከባድ ኢንፌክሽን የተጎዳ፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ ሕፃን ሆስፒታል ሲመጣ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሩ በፍጥነት እንዲሰጠው ይመከር ነበር። በሀብታም ሀገሮች የተለመደ አሠራር ነው፤ በመጽሐፍም ተጽፏል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ባሉ 6 ሆስፒታሎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን «እዚህ፣ ለእነዚህ ልጆች ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹን በዕጣ ከፈሏቸው፤ አንዳንዶቹ ፈሳሹን በፍጥነት አገኙ፣ ሌሎቹ አላገኙም። ሌላው እንክብካቤ ለሁሉም አንድ ነበር።

ጥናቱ በ2011 ሲወጣ ብዙዎች ማመን አቃታቸው። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት ውስጥ በ48 ሰዓት ከመቶ 10.5 ገደማ ሞቱ። ካልተሰጣቸው ግን 7.3 ነበር። የሚያድን የመሰለው ሕክምና እየጎዳ ነበር። ከ3,000 በላይ ሕፃናት ከተመዘገቡ በኋላ ጥናቱ ከታሰበው ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ።

እነዚያ ሆስፒታሎች የመተንፈሻ ማሽን ያለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልነበራቸውም። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወባ፣ አንዳንዶቹም ከባድ የደም ማነስ ነበረባቸው። መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ ቦታ፣ ለሌላ ታካሚ ነበር። ይህን ማወቅ የሚቻለው ታካሚዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ በሚሠራ ጥናት ብቻ ነው። እዚያ ምርምር ባይኖር ኖሮ ሐኪሞቹ በቅን ልብ፣ መመሪያውን እየተከተሉ መጉዳታቸውን ይቀጥሉ ነበር። ይህ ለኔ ምርምር ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ መልስ ነው።

ምርምር ሁልጊዜ ውድ ነገር አያመጣም። ኮሌራና ከባድ ተቅማጥ ላለበት ሰው የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ አስቡት፤ ስኳርና ጨው በንጹሕ ውኃ ነው። ምስጢሩ ትንሹ አንጀት ላይ ነው፤ ግሉኮስ ሲገባ ጨውን አብሮ ይዞት ይገባል፣ ውኃውም ይከተላል። ይህ መንገድ ኮሌራ አንጀቱን ባጠቃው ጊዜም አይዘጋም። በ1968 በዳካ የኮሌራ ምርምር ላብራቶሪ የሚሠሩ ሐኪሞች በታካሚዎች ላይ ፈትነው አረጋገጡ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት የተሰደዱ ሰዎች በተጠለሉበት ካምፕ ኮሌራ ገባ። የደም ሥር ፈሳሹ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ኦ.አር.ኤሱን በበርሜል አስበጥብጦ አከፋፈለ፤ የታማሚ ቤተሰቦች ራሳቸው እየቀዱ አጠጡ። ከመቶ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ። የተገኘው በበሽታው መሀል በነበረ የምርምር ተቋም ነው።

ታካሚው መሞከሪያ ይሆናል ማለት ነው?

ይህ ፍርሃት ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የነበረባቸው ጥቁር ወንዶች ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ ክትትል ተደርጎባቸዋል። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የፈጸሙት ግፍ ከተፈረደበት በኋላ በ1947 በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የኑረምበርግ ደንብ ወጣ። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫን አወጣ። ዛሬ ያሉት ሕጎች በእነዚህ ላይ ቆመዋል።

አሁን በሥርዓት የሚሠራ ምርምር እንዲህ ነው። ተመራማሪው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ፕሮቶኮል ይባላል። ከሱ ውጭ የሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያንን መርምሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ታካሚው ጥቅሙም ጉዳቱም በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ፈቅዶ ይፈርማል። በማንኛውም ሰዓት «በቃኝ» ማለት ይችላል፤ ስላቋረጠ ሕክምናው አይቀርበትም። በትልልቅ ጥናቶች ደግሞ ውጤቱን በየመሀሉ የሚያይ ገለልተኛ ቡድን አለ። የሕፃናቱን ጥናት እንዲቆም ያስደረገው እንዲህ ያለ ቡድን ነው።

አዲስ መድኃኒት ከሆነ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱ ይታያል፤ ቀጥሎ በበዙ ታማሚዎች ላይ ይሠራ እንደሆነ ይታያል፤ በሦስተኛው ደረጃ በመቶዎችና በሺዎች ላይ ከነባሩ ሕክምና ጋር ይወዳደራል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች መጨረሻው ጋ አይደርሱም።

ዕጣ መጣሉ ብዙ ሰው ይከነክነዋል። በ1948 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ለሁሉም አይበቃም ነበር። ስለዚህ 107 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ። መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ 4 ሞቱ፤ ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 ሰዎች 14 ሞቱ። ሐኪሙ እየመረጠ ቢሰጥ ኖሮ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይምጣ ወይስ ከምርጫው አይታወቅም ነበር።

ማሽኑ ተገዝቶ ለምን ይቆማል?

በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ድሃ በሆኑ 16 ሀገሮች የሚገኙ ከ110 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ ነበር። ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት አይሠሩም።

የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ኃይል የሚያነሳውን ኤም.አር.አይን ብቻ እንመልከት። ውስጡ ያለው ማግኔት የሚሠራው በፈሳሽ ሂልየም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ነው። ማሽኑ በማይሠራበት ሌሊት እንኳ ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ሂልየሙ እየተነነ ያልቃል። እንደገና መሙላት ውድ ነው፤ ሂልየሙም በየቦታው አይገኝም። አንድ ትንሽ መሣሪያ እንኳ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በፊውዝ፣ በባትሪ፣ በፊልተር ወይም በማለቂያ ዕቃ እጦት ነው።

ስለዚህ ግዢው የወጪው መጀመሪያ ነው። መለዋወጫ፣ የጥገና ውል፣ አስተማማኝ መብራትና ከሁሉ በላይ ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) መሐንዲስና ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ሪባን ሲቆረጥ እነዚህ ሰዎች ፎቶ ላይ አይታዩም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ የሚሠራው ግን በእነሱ ነው።

የትኛው ሕክምና ይቅደም?

ከባዱ ውሳኔ ይህ ነው። መነሻው ሰዉን የሚገድለውና የሚያሰናክለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን ያነሰ ትኩረት ያገኛል፦ ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?

ማደንዘዣ ከሌለ ቀዶ ሕክምና የለም፤ ምጥ ለጠናባት እናትም፣ ለአጥንት ስብራትም፣ ለካንሰርም። ፓቶሎጂ ከሌለ የካንሰር ሕክምና በግምት ይሆናል፤ እብጠቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚናገር ሰው የለምና። ራዲዮሎጂ፣ ላብራቶሪ፣ ደም ባንክም እንዲሁ ናቸው። በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልጋቸው ጊዜ እንደማያገኙ አስታውቋል። ይህን ቁጥር ለመቀነስ ከታዋቂው ዘርፍ በፊት እነዚህን ዝምተኛ ዘርፎች ማጠናከር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ከ1979 ጀምሮ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድን ከባድ ኦፕራሲዮን ደጋግመው የሚሠሩ ሆስፒታሎች ሞታቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ ከባድና ብርቅ የሆነውን ሕክምና በጥቂት ማዕከላት መሰብሰብ፣ ወሊድንና ድንገተኛ ሕክምናን ግን ለሁሉም ማቅረብ ይመከራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ሪፈራል ነው፤ አምቡላንስ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰውና ታካሚው ሲመለስ አብሮት የሚመለስ ወረቀት። ሪፈራሉ ካልሠራ ትልቁ ሆስፒታል በቀላል በሽታ ይጨናነቃል፤ ከባዱ በሽተኛ ቤቱ ይቀራል።

የሠለጠኑት ለምን ይሄዳሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 ዓለም ወደ 11 ሚሊዮን የጤና ባለሙያዎች እንደሚጎድሏት ይገምታል፤ አብዛኛው ጉድለት ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። ሀብታሞቹም ይጎድላቸዋል፤ ስለዚህ ይወስዳሉ። በ2010 የወጣው ዓለም አቀፍ የቅጥር ደንብ ከተቸገሩት ሀገሮች ባለሙያ በገፍ መውሰድን ይነቅፋል፤ ግን ግዴታ አይጥልም።

ደመወዝ ትልቁ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ጓንት በሌለበት መሥራት፣ የሚማከሩት ሰው ማጣት፣ ሠልጥነው ሲመለሱ የሠለጠኑበት መሣሪያ አለመኖሩ ሰውን ያስመርራል። ምርምር እዚህ ላይም ይረዳል፤ ጥያቄ መጠየቅ የሚችል፣ ሥራው የሚነበብለት ሐኪም ለመቆየት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

ገጠር ስለማቆየት ደግሞ ሞዛምቢክ ያደረገችውን ማየት ይጠቅማል። ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን ቀዶ ሕክምና አሠለጠነች። በኋላ የተሠራ ጥናት በወረዳ ሆስፒታሎች ለእናቶች ከሚደረጉ ትልልቅ ኦፕራሲዮኖች ከመቶ 92 የሚሆኑትን እነዚህ ባለሙያዎች እንደሚሠሩ አሳየ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሲታይ ከእነሱ ውስጥ ከመቶ 88 አሁንም ወረዳ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ወረዳ ከተመደቡት ሐኪሞች ግን አንድም አልቀረም። በሌሎች ሀገሮች የተሠሩ ጥናቶችም ገጠር ያደገ ተማሪ ገጠር ተመልሶ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያሉ። ማን ገጠር ሐኪም ቤት እንደሚቆይ በከፊል የሚወሰነው በመግቢያ ፈተናው ቀን ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ ዕቅድ ሲነገር ምን እንጠይቅ?

የአልጋ ቁጥር ሲነገር አልጋው አጠገብ ሌሊት ስንት ነርስ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል። አዲስ ስፔሻሊቲ ሲከፈት አስተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ አንድ ሬዚደንት እስኪመረቅ ስንት ታካሚ እንደሚያይ መጠየቅ ይገባል። ማሽን ሲገዛ የጥገናው በጀት ለስንት ዓመት ተይዟል? የምርምር ማዕከል ሲባል የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነጻ ነው? ጥያቄዎቹ የሚመነጩት እዚያ ከሚታከመው ሕዝብ በሽታ ነው ወይስ ገንዘብ ከሚሰጠው አካል ፍላጎት? ሐኪሙስ ከሳምንቱ ለምርምር የተለየ ሰዓት አለው? ሰዓት ካልተሰጠው ቀን ታካሚ ሲያይ ውሎ ማታ ቤቱ የሚሠራው ትርፍ ሥራ ይሆናል፤ እንዲህ የተጀመረ ጥናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሳቢያ አይወጣም።